ከካርቶኑ ጀርባ የነበረው እጅ

አንዲት ነርስ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣለች። ከፊቷ ረጅም ካርቶን እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከካርቶኑ ግርጌ በተከፈቱ ሁለት ቀዳዳዎች እጆቿን ወደ ማዶ አሳልፋ፣ መዳፎቿን ወደ ላይ ገልብጣ አሳርፋለች። በቀዳዳው አጮልቃ እንዳታይ ክንዶቿ ላይ ፎጣ ተጥሏል። ከማዶ የተቀመጠችው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳንቲም ወርውራ ዘውድ ወይም ጎፈር መሆኑን ካየች በኋላ፣ ቀኝ እጇን ከነርሷ ከአንደኛው መዳፍ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋ ትዘረጋለች። «እሺ» ትላለች። ነርሷ የልጅቷ እጅ በግራ መዳፏ ላይ ይሁን በቀኝ ትናገራለች። መልሱ ይመዘገባል፤ ሳንቲሙ እንደገና ይወረወራል። አሥር ጊዜ።

ሙከራው ይኸው ነው፤ ሌላ መሣሪያ የለውም። የተካሄደው በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ሲሆን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ልጅቷ ኤሚሊ ሮዛ ትባላለች፤ ያኔ 9 ዓመቷ ነበር። ውጤቱ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ በሚያዝያ 1998 ሲወጣ 11 ሆኗት ነበር። ብዙ ሰው ጉዳዩን የሚያስታውሰው አንዲት ሕፃን አዋቂዎችን ያሳፈረችበት ታሪክ አድርጎ ነው። እኔ እንደዚያ ልተርከው አልፈልግም። የሰው እጅ ሕመምተኛን እንደሚያሳርፍ ከልቤ የማምን ሰው ነኝ፤ ጉዳዩ የሚያስጨንቀኝም ስለዚህ ነው። እጅ በእርግጥ የሚሰጠው ምንድን ነው? ይሰጣል እየተባለ የማይሰጠውስ?

የተፈተነው ሕክምና «ቴራፒዩቲክ ተች» ይባላል፤ በአማርኛ «ፈዋሽ ንክኪ» እንደ ማለት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋሙት ሁለት ሴቶች ናቸው። ዶሎረስ ክሪገር በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የነርስነት ትምህርት ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ዶራ ኩንዝ ደግሞ ጃቫ ደሴት ላይ የተወለዱ፣ ኋላ ስውር መንፈሳዊ ጥበብን የሚያስተምረው የአሜሪካ ቲኦሶፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት የሆኑ ሴት ናቸው። መነሻቸው ኦስካር ኤስቴባኒ የተባሉ የቀድሞ የሀንጋሪ ፈረሰኛ ጦር መኮንን ሕሙማን ላይ እጃቸውን ጭነው ሲያክሙ መመልከታቸው ነበር። ክሪገር ይህን ከሃይማኖት ነጥለው፣ ማንኛዋም ነርስ ልትማረው የምትችለው ሙያ አድርገው ማስተማር ጀመሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያዋ መጀመሪያ አእምሮዋን ጸጥ ታደርጋለች፤ ሐሳቧን ሕመምተኛውን በመርዳት ላይ ብቻ ታሳርፋለች። ከዚያ እጆቿን ከሕመምተኛው ገላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋ ከራስ እስከ እግር ቀስ ብላ ታሳልፋቸዋለች። በዚህ ጊዜ የሰውየውን «የኃይል መስክ» ትዳስሳለች ይባላል። የተዛባው ቦታ በሙቀት፣ በቅዝቃዜ ወይም እንደ መርፌ ውጋት በሚሰማ ስሜት ለመዳፏ ይገለጥላታል። ከዚያም የተዛባውን በእጇ እየጠረገች ታስተካክላለች። ሕመምተኛው ተዝናንቶ ይተኛል፤ ብዙዎች ሕመማቸው እንደቀነሰና ጭንቀታቸው እንደለቀቃቸው ይናገራሉ።

ልብ ይባል፤ ሕክምናው ንክኪ ይባላል እንጂ እጁ ገላን መንካት አይጠበቅበትም። በእኛ አገር ወጌሻ የወለቀውን ሲመልስ ቅቤ ቀብቶ አሽቶ፣ መገጣጠሚያውን በጣቱ ፈልጎ ነው። ሊሳሳት ይችላል፤ ሲሳሳትም ጉዳቱ የከፋ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ጣቱ የሚፈልገው አጥንትና ጅማት በእርግጥ እዚያ አለ። በፈዋሽ ንክኪ ግን እጅ የሚዳስሰው ነገር መኖሩ ራሱ መረጋገጥ ነበረበት። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን ለይተው የጠየቁ ሰዎች ጥቂት መሆናቸው ይገርመኛል፤ ምክንያቱም ሕክምናው በጣም ተስፋፍቶ ነበር። የኤሚሊ ጥናት እንደሚያሰፍረው ቢያንስ 43,000 የጤና ባለሙያዎች ሠልጥነውበታል፤ በሰሜን አሜሪካም ቢያንስ በ80 ሆስፒታሎች ነርሶች ይጠቀሙበት ነበር። በ1994 የሰሜን አሜሪካ የነርስነት ምርመራ ማኅበር «የኃይል መስክ መዛባት» የሚለውን ስያሜ ነርሶች በሕመምተኛ መዝገብ ላይ ሊያሰፍሯቸው በሚችሉ የምርመራ ስያሜዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ኮሎራዶ የክርክሩ ዋና ሜዳ ነበረች። የኤሚሊ እናት ሊንዳ ሮዛ ራሳቸው ነርስ ናቸው፤ ሙያቸው ማስረጃ የሌለው ነገር ሲያስተምር ዝም ማለት ስላልቻሉ ለዓመታት ሲሟገቱ ቆይተዋል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ማዕከልም ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ኮሚቴው በ1994 ባቀረበው ሪፖርት የሕክምናውን ዋና ዋና አባባሎች የሚደግፍ በቂ መረጃ አለማግኘቱን ገልጿል። ጄምስ ራንዲ የተባለው እውቅ የምትሃት ትርኢት አቅራቢ ያቋቋመው ድርጅት በ1996 የሰውን የኃይል መስክ በፈተና ውስጥ መለየት ለሚችል ሰው 742,000 ዶላር እንደሚሸልም አስታወቀ። ለመሞከር የቀረበች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አልተሳካላትም።

ያንን ሁሉ ገንዘብ ትቶ ያልመጣ ባለሙያ ለአንዲት ሕፃን የትምህርት ቤት ሥራ በሩን ከፈተ። ኤሚሊ እናቷ የሚያዩትን የፈዋሽ ንክኪ ቪዲዮ አብራ ስታይ ነው ሐሳቡ የመጣላት፦ መስኩ በእጅ የሚሰማ ከሆነ፣ ሳያዩም መሰማት አለበት። ለትምህርት ቤቷ የሳይንስ ትርኢት ይህን እሠራለሁ አለች። እናቷና ላሪ ሳርነር የተባሉት ባልደረባቸው ማስታወቂያ እያገላበጡ በሰሜን ምሥራቅ ኮሎራዶ 25 ባለሙያዎችን አገኙ። 21ዱ ፈቃደኛ ሆነው ቀረቡ። ከቀሩት አራቱ አንዷ ብቃት የለኝም አለች፣ ሁለቱ እምቢ አሉ፣ አንዱ ከተስማማ በኋላ በዕለቱ ቀረ። የመጡት ለአንድና ለሁለት ሳምንት የተማሩ ጀማሪዎች አልነበሩም። ዘጠኝ ነርሶችና ሰባት የማሳጅ ባለሙያዎች ነበሩባቸው፤ ልምዳቸውም ከአንድ ዓመት እስከ 27 ዓመት ይደርሳል።

እነዚህን ሰዎች ሳስብ አከብራቸዋለሁ። ከትልልቆቹ ተቺዎች ፊት መቅረብ ወጥመድ መስሎ ሊታያቸው ይችል ነበር፤ ለልጅ ግን የሚያውቁትን ማሳየት ደስ ይላቸዋል። አብዛኞቹን ኤሚሊ የፈተነቻቸው በየቤታቸውና በየቢሯቸው ነው። የቀረበላቸው ጥያቄም በሥራቸው በየቀኑ እናደርገዋለን ከሚሉት እጅግ የቀለለ ነበር። በሥራቸው ላይ የተዛባ መስክ የት እንዳለ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መቼ እንደተስተካከለ እናውቃለን ይላሉ። እዚህ የሚጠየቁት ከመዳፋቸው በላይ ሰው አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነው። አንድ ሰው ዓይኑን ሸፍነንበት የበርበሬና የሽሮ ሽታ ለይ ብንለው ማለት ነው፤ ወጥ ሥራ አላልነውም።

ሳንቲሙ ብቻውን ቢገምት ከመቶ ሃምሳውን ያገኛል። በመጀመሪያው ዙር በ1996 አሥራ አምስት ባለሙያዎች 150 ጊዜ ተጠየቁ። ትክክል የመለሱት 70 ጊዜ ነው፤ 47 በመቶ። ከአሥሩ ስምንት የመለሰ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ።

ባለሙያዎቹ ውጤቱን ሲሰሙ የሰጧቸው ማብራሪያዎች የጉዳዩ ሀብታም ክፍል ናቸው፤ ተቺዎች እንደ ማምለጫ ቢያዩዋቸውም እኔ ከልብ የተባሉ ይመስሉኛል። አንዳንዶቹ የልጅቷ እጅ ከተነሣ በኋላም የመስኩ ትዝታ መዳፋቸው ላይ ስለሚቀር ቀጣዩን ለመለየት እንደተቸገሩ ተናገሩ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ምንም ትዝታ ባልነበረበት በመጀመሪያው ጥያቄ የተሻለ መመለስ ነበረባቸው፤ የመጀመሪያ መልሶቻቸውም ግን ግማሽ በግማሽ ገደማ ነበሩ። ሌሎቹ ግራ እጅ ተቀባይ፣ ቀኝ እጅ ሰጪ ስለሆነ በቀኝ መለየት ይከብዳል አሉ። ሌሎች ጥቂት ጊዜ ከሞከሩ በኋላ እጃቸው በጣም እንደጋለ ተናገሩ። አንደኛው ማብራሪያ ግን ፍትሐዊ ጥያቄ ነበረው፦ የልጅቷን መስክ አስቀድመን ብናውቀው ኖሮ እንለየው ነበር የሚል።

ኤሚሊና አብረዋት የሠሩት ይህን ሰሙ። በ1997 ሁለተኛ ዙር ሲካሄድ ባለሙያዎቹ ከፈተናው በፊት የኤሚሊን እጆች በየተራ እንዲዳስሱና የትኛው እጇ ጎልቶ እንደሚሰማቸው እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። ያ ዙር ለቴሌቪዥን የሳይንስ ፕሮግራም እየተቀረጸ በአንድ ቀን ተጠናቀቀ። ከመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ተመልሰው መጡ፣ ስድስት አዲስ ተጨመሩ። 130 ጥያቄ፣ 53 ትክክል፤ 41 በመቶ። በመጀመሪያው ዙር ስምንት ያገኘው ሰው በዚህኛው ስድስት አገኘ። ሁለቱ ዙሮች ሲደመሩ ከ280 ጥያቄ 123ቱ ናቸው ትክክል የተመለሱት፤ በባዶ ግምት 140 ይጠበቅ ነበር።

እነዚያን ሰባት ሰዎች ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። በመጀመሪያው ዙር ምን እንደሆኑ ያውቁ ነበር። ሆኖም ካርቶኑ ፊት ተመልሰው ተቀመጡ፤ ካሜራ እያየ። የሚያታልል ሰው እንዲህ አያደርግም። እጃቸው ላይ ሙቀት ይሰማቸው ነበር፤ መሰማቱ እውነት ነው። መዳፍህን ከጉልበትህ በላይ ይዘህ ብታስተውል ለአንተም የሆነ ነገር ይሰማሃል። የራስ ደም ትርታ፣ የክፍሉ አየር፣ ይሰማኛል ብሎ መጠበቅ፣ ሁሉም መዳፍ ላይ ስሜት ይፈጥራሉ። በሥራ ላይ ግን ባለሙያዋ እጇ የት እንዳለ ታያለች፤ ሕመምተኛውም የት እንደሚያመው ነግሯታል። ዓይን የሰጣትን እጇ እንደሰጣት አድርጋ ብታምን የሚያርማት ነገር የለም። ለ27 ዓመት ያላረማት ነገር በአንዲት ሕፃን ካርቶን በአሥር ደቂቃ መገለጡ ያማል። የሕመሙን ክብደት ሳንረዳ በዚህ ታሪክ መደሰት ተገቢ አይመስለኝም።

ጥናቱ ሲታተም ኤሚሊ፣ እናቷ፣ ላሪ ሳርነርና ስቲቨን ባሬት የተባሉት ሐኪም ደራሲዎቹ ነበሩ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆርጅ ላንድበርግ የደራሲዋ ዕድሜ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ የሚቆጠረው የሳይንሱ ጥራት ብቻ መሆኑን ተናገሩ። ሕመምተኞችም ተጨማሪ ሐቀኛ ሙከራ ጥቅሙን እስኪያሳይ ድረስ ለዚህ ሕክምና ገንዘብ እንዳይከፍሉ መከሩ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ፤ ኤሚሊም በታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ጥናት በማሳተም በዕድሜ የመጨረሻዋ ትንሽ ሰው ተብላ በጊነስ መዝገብ ሰፈረች። ክሪገር በበኩላቸው የጥናቱን አነዳደፍና ዘዴ ነቀፉ።

ነቀፌታዎቹ ሁሉ ከንቱ አልነበሩም። ከአራቱ ደራሲዎች ሦስቱ አዋቂዎች የሕክምናው የታወቁ ተቃዋሚዎች ናቸው። ኤሚሊ እጇ የት እንዳለ ስለምታውቅ ፈተናው በሁለቱም ወገን የተጋረደ አልነበረም። ተፈታኞቹ ከአንድ ግዛት አንድ ጥግ የመጡ 21 ሰዎች ናቸው። በካርቶኑ ማዶ የነበረችውም ጤነኛ ልጅ እንጂ ሕመምተኛ አይደለችም። እነዚህን አንድ በአንድ ስመዝናቸው የመጨረሻውን ውጤት የሚያናጋ አላገኘሁም። የልጅቷ እጅ ሙቀት ወይም የልብሷ ኮሽታ ፍንጭ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛ መልሱን ያበዛው ነበር እንጂ አያሳንሰውም። ጤነኛ ሰው መስክ የለውም ያለም የለም።

እኔን የሚከብደኝ የጥናቱ መደምደሚያ ነው። ደራሲዎቹ የሕክምናው አባባል መሠረት የለውም ካሉ በኋላ፣ ከእንግዲህ ባለሙያዎች ሊጠቀሙበት አይገባም ወደሚል ፍርድ ተሻገሩ። ካርቶኑ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እጅ የማይታይ መስክ ይለያል ወይ? መልሱ ጥርት ብሎ ተገኝቷል፤ አይለይም። ያልለየችውን መስክ አስተካከልኩ ማለትም ባለሙያዋ አትችልም። ሕመምተኛው ግን ሕመሙ ቀለለለት ወይስ አልቀለለለትም የሚለው በዚያ ጠረጴዛ ላይ አልቀረበም፤ ቀለለኝ ካለም ከምን የተነሣ ነው የሚለው ሌላ ፈተና ይፈልግ ነበር።

በ2008 ሁለት ነገሮች ታትመው ወደዚህ ጥያቄ አቀረቡን። አንደኛው የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ግምገማ ነው። ፈዋሽ ንክኪን፣ ሬኪ የተባለውን ከጃፓን የመጣ የእጅ ፈውስና ሌሎች ተመሳሳይ ሕክምናዎችን የሚመለከቱ በ1,153 ሰዎች ላይ የተካሄዱ 24 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ ሕመም ከዜሮ እስከ አሥር ሲለካ በአማካይ 0.83 ያህል እንደሚቀንስ አገኘ። ትንሽ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያምመው ላደረ ሰው ግን ትንሽም ብትሆን ከመኖሯ አትቀርም።

ሁለተኛውን አብልጬ እወደዋለሁ፤ መነሻውም እዚያው ኮሎራዶ ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲዋ ሐኪም ጂን ኩትነርና ባልደረቦቻቸው በ15 የአሜሪካ የማስታገሻ ሕክምና ተቋማት ካንሰር የጸናባቸው 380 ሕሙማንን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ እስከ ስድስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ30 ደቂቃ በሠለጠነ ባለሙያ ማሳጅ ተደረገላቸው። ሌሎቹ የተሰጣቸው ቀላል ንክኪ ብቻ ነበር፤ ይህን የሚያደርጉት ሰዎች የማሳጅም ሆነ የኃይል መስክ ሥልጠና የላቸውም። እጃቸውን በሕመምተኛው አንገት ሥር፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ባት፣ ተረከዝ፣ ክንድ ላይ ያሳርፋሉ፤ አያሹም፣ አይጫኑም። ሦስት ደቂቃ ይቆዩና ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ።

አጥኚዎቹ የፈውስ ሐሳብ ራሱ ይሠራ እንደሆነ እንኳ ለመለየት ፈልገው ነበር። ስለዚህ ቀላል ንክኪ የሚሰጡት ሰዎች ሕመምተኛውን ስለማዳን እንዳያስቡ ታዘዙ። በልባቸው ከመቶ ጀምረው ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቆጥራሉ፤ ወይም የሕፃናት መዝሙር በውስጣቸው ይደግማሉ፤ ወይም ቀናቸውን ያቅዳሉ። ፈዋሽ ንክኪ መሠረቴ ነው የሚለው፣ ሐሳብን በሕመምተኛው ላይ ማሳረፍ፣ ሆን ተብሎ ወጣ። ከገላ ጋር የተገናኘ እጅ ብቻ ቀረ።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ ወዲያው ሲለካ በማሳጅ ቡድን ውስጥ ሕመም በ1.87 ነጥብ ቀነሰ። በቀላል ንክኪው ቡድንም በ0.97 ነጥብ ቀነሰ፤ መንፈሳቸውም በሁለቱም በኩል ተሻለ። ሳምንታት ሲያልፉ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልቀረም፤ እፎይታው የዚያ ሰዓት እፎይታ ነው። ፈጽሞ ያልተነካ ቡድን ስላልነበረ፣ ከነጥቧ ምን ያህሉ የእጁ፣ ምን ያህሉ ሰው አጠገብ መኖሩና ጸጥ ብሎ መተኛት እንደሆነ ጥናቱ አይነግረንም። ቆዳችን ግን ለእንዲህ ዓይነት ነገር የተሠራ መሆኑን ከሌላ አቅጣጫ እናውቃለን። ጠጉር ባለው ቆዳ ውስጥ ለዘገምተኛና ለስላሳ ዳበሳ የሚነቁ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ ይበልጥ የሚነቁትም እጅ በሴኮንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ፣ እናት ልጇን ስታባብል እንደምትዳብሰው ነው።

እነዚያ 21 ባለሙያዎች ለሕሙማን አንዳች ነገር ሰጥተው ከሆነ፣ የሰጡት ከመዳፋቸው በላይ ይንሳፈፋል ያሉትን አልነበረም። አልጋ አጠገብ መቀመጣቸውን፣ መረጋጋታቸውን፣ ግማሽ ሰዓታቸውን ሰጥተዋል። የሚያሳዝነኝ ንድፈ ሐሳባቸው እጃቸውን ከገላው ላይ ማንሣቱ ነው። በማስታገሻ ክፍሉ ያለችው ያልሠለጠነች ሴት ግን የሕመምተኛውን ተረከዝ በሁለት መዳፎቿ ይዛለች። ስለ መስክ አንድም ቃል አልተማረችም። በልቧ ትቆጥራለች፤ መቶ፣ ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ፤ ሦስቱ ደቂቃ እስኪሞላ ድረስም እጇን አታነሣም።